ሥዕልህን እንደገና ከመሣልህ በፊት ስልኩን ለሰው ስጥና ዝም ብለህ ተመልከት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ 12 ክፍል ኮሚክ ሠርተህ ድረ ገጽ ላይ አውጥተሃል፤ ጓደኞችህ «ግሩም ነው» ይሉሃል፤ የጎብኚዎች መቁጠሪያው ግን አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ሳይጨርስ እንደሚወጣ ያሳይሃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ አዲስ ልትሥለው አስበሃል፤ እግረ መንገድህንም የድረ ገጹን አሠራር መገምገም የሚያውቅ ካለ ብለህ ጠየቅህ። እባክህ እርሳሱን አስቀምጥ። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ አራት ወር ከዕድሜዬ፣ 38 ሺህ ብር ከኪሴ ወጥቷል።

ስለ ቀለም ምርጫና ስለ አርማ የተሰጡህን መልሶች አይቻለሁ። ክፋት የላቸውም። አርማው አላማረኝም ብሎ ታሪክ ያቋረጠ አንባቢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የምመክርህን በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ድረ ገጽህን በራስህ ኮምፒውተር መገምገም ዛሬውኑ አቁም። የአንተ ማያ ሰፊ ነው፤ ምስሎቹም አንድ ጊዜ ተከፍተው ኮምፒውተርህ ውስጥ ስለተቀመጡ በቅጽበት ይመጣሉ። አንባቢህ ታክሲ ውስጥ ተጣብቦ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ቆጥቦ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው የሚከፍተው። የእኔ ኮሚክ ገጾች በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን የተደረጉ ነበሩ፤ ለማተሚያ ቤት እንደሚዘጋጀው። አንዱ ገጽ 6 ሜጋባይት፣ አንዱ ክፍል 24 ገጽ። አባዛው፤ 144 ሜጋባይት ነው። የሰውን ጥቅል አሟጥጬ የአንድ የታክሲ ረዳትን ቀልድ ሳስነብብ ነበር። ስፋቱን ወደ 800 ፒክስል አውርጄ በዌብፒ (ለድረ ገጽ ተብሎ ምስልን አቅልሎ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ሳስቀምጠው አንዱ ገጽ ወደ 200 ኪሎባይት ወረደ፤ ክፍሉ በሙሉ 5 ሜጋባይት እንኳን አልሞላም። በስልክ ላይ ልዩነቱን ያየ ሰው የለም። እኔም አላየሁም፤ ይህን ማመን ለሠዓሊ ቀላል አይደለም።

2. ፊደልህን በማስመሪያ ለካው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የስልክ ማያ ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወረቀት ላይ 4 ሚሊ ሜትር አድርገህ የጻፍከው ፊደል ስልክ ላይ ሲደርስ 1.3 ሚሊ ሜትር ሆኗል። የእኛ ፊደል ደግሞ ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ ሉ እና ሊ የሚለያዩት ቅጥያዋ ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። በእኔ ኮሚክ ውስጥ ረዳቱ ኋላ የተቀመጠውን ወጣት እያሳየ ለአንድ ሽማግሌ «አልከፈለም» ይላቸዋል። አንባቢዎቼ «አልከፈሉም» ብለው አነበቡት። ረዳቱ ሽማግሌውን የደፈረ መስሏቸው «ምን ዓይነት ባለጌ ገጸ ባሕርይ ነው የፈጠርሽው?» የሚል መልእክት የላኩልኝ ነበሩ። እኔም ቁጭ ብዬ ስለ ገጸ ባሕርዩ ሥነ ምግባር የመልስ ደብዳቤ ጽፌያለሁ! ጥፋቱ የአንዲት ሰረዝ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሳልረሳው፦ የኮሚኩ ስም ሳይቀር የተጻፈው በሥዕሉ ውስጥ ነበርና ጉግል ላይ የራሴን ሥራ በስሙ ፈልጌ አጣሁት። ርዕሱንና የእያንዳንዱን ክፍል ንግግር በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚያነበው መደበኛ ጽሑፍ፣ ጽፈህ ከሥዕሉ ሥር አስቀምጥ።

3. ሰውን «እንዴት አየኸው?» ብለህ አትጠይቅ። ይህን በአጭሩ ማስረዳት ስለማልችል ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ድረ ገጹን የሠራልኝ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) እንደ እውነተኛ መጽሐፍ የሚገለጥ ገጽ አዘጋጀልኝ። ማዕዘኑን ይዘህ ስትስበው ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ጥላ ይጥላል፣ «ሸርተት» የሚል ድምፅም ያሰማል። ቢሮአቸው ውስጥ በትልቅ ማያ ሲያሳዩኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። 38 ሺውን እዚያው ቁጭ ብዬ ጨርሼ ከፈልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየኋቸው፤ «ግሩም ነው» አሉ። እኔ ትምህርት ቤት ሥዕል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ባልደረቦቼ ፊት ለፊቴ ሌላ ምን ሊሉኝ ይችላሉ?

ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት። በመጀመሪያው ሳምንት 900 ያህል ሰው ከፈተው። አማካይ ቆይታቸው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ከአሥሩ ዘጠኙ አራተኛው ገጽ ላይ አይደርስም። ሌሊት እየተነሣሁ ያንን ቁጥር አየው ነበር። በመጨረሻ ለራሴ የሰጠሁት ፍርድ «ሥዕልሽ አይረባም» የሚል ሆነ። በተለይ የረዳቱ አፍንጫ አሳፈረኝ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ አራት ወር ሙሉ 24ቱን ገጾች እንደገና ሣልኳቸው። አዲሱን አወጣሁት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አንድ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የአጎቴ ልጅ ልጅ፣ 14 ዓመቷ ነው፣ ሊንኩን በራሷ ቴሌግራም ላይ አግኝታው ከፈተች። የእኔ መሆኑን አላወቀችም። ፈንዲሻ የምበላ መስዬ ከኋላዋ አየኋት። አንደኛው ገጽ ላይ ሳቀች። ሁለተኛው ላይም ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ስልኩን አስቀመጠችው። አልቻልኩም፤

«ምነው፣ አልጣመሽም?»

«ጥሞኛል፤ አለቀ እኮ።»

«እንዴት ያልቃል? 24 ገጽ ነው!»

«ወደ ቴሌግራም መለሰኝ። አለቀ ማለት አይደል?»

እንድታደርገው ደግሜ አስደረግኋት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ብዙ ስልኮች ላይ ጣትህን ከማያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ስትስብ «ተመለስ» ማለት ነው። የእኔ ኮሚክ ደግሞ ገጹ የሚገለጠው በትክክል ከዚያው ጠርዝ ሲሳብ ነበር። አንባቢው ጣቱ ትንሽ ወደ መሐል ካረፈ ገጹ ይገለጣል፤ ወደ ዳር ካረፈ ከቤት ይወጣል። ሁለት ሦስት ገጽ በዕድል ያልፋል፣ አራተኛው ላይ ይባረራል። አፍንጫው ምንም አላደረገም።

በማግስቱ ድርጅቱ ዘንድ ሄድኩ። ገንዘብ ስከፍል ቡና ያቀረቡልኝ ሰዎች «ቀጠሮ ይዘዋል?» ብለው አንድ ሰዓት በር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ አንድ ወጣት መጣና ያንኑ ትልቅ ማያ ወደ እኔ አዙሮ በማውዙ ገለጥ ገለጥ አደረገው። «ይኸው ይሠራል እኮ፣ እህቴ።» ስልኬን ዘረጋሁለት። ሳይነካው «አንባቢዎችዎ የስልካቸውን ማስተካከያ መቀየር አለባቸው» አለኝ። 900 ሰው ቤት ለቤት እየዞርኩ የስልክ ማስተካከያ ልቀይር! ካልሆነም በ15 ሺህ ብር ተጨማሪ ክፍያ «እናየዋለን» አለ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በእኔ ሳይሆን በእነርሱ ስም መመዝገቡንም ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እርሱን ለማስመለስ ያየሁትን አበሳ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ለአሁኑ ውልህን አውጣና በማን ስም እንደሆነ እይ።

መፍትሔው በጣም ቀላል ነበር፤ ወደ ታች የሚወርድ አደረግሁት። ኮሪያውያን የስልክ ኮሚካቸውን ሣጥን ከሣጥን ሥር እየደረደሩ የሚሠሩት ለዘይቤ ብቻ አይደለም፤ አውራ ጣት ስልክ ላይ አስቀድሞ የሚያውቀው እንቅስቃሴ እርሱ ስለሆነ ነው። ቅጂ አትሜ በመቀስ ቆራርጬ ወለል ላይ ደረደርኩት። አዲሶቹን ገጾች ለመቁረጥ አንጀቴ አልችል ቢለኝ ለሙከራ የድሮዎቹን ቆረጥኳቸው። ሁሉም ነገር አልተረፈም፤ የመርካቶን ግርግር በሙሉ ገጽ ወርድ የሣልኩበት አንድ ሥዕል በስልክ ስፋት ጉንዳን ሆኖ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንተ በማንጋ (በጃፓን ኮሚክ) አቀማመጥ ከቀኝ ወደ ግራ እንደደረደርከው ጽፈሃል። ማንጋን በጃፓን አቀማመጡ የለመደ ይከተልሃል፤ አማርኛ አንባቢ ግን ዓይኑ ከግራ ይነሣል፤ ንግግሮቹን አገላብጦ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነባል። አባቴ ሳሎን ውስጥ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች የተሣለበት ጨርቅ ነበር። ከየትኛው ሣጥን እንደሚጀመር ማንም አልነገረንም፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር ሲያልቅ ወደ ታች፣ እንደ መጽሐፍ እናነበው ነበር። ቁጥርና ቀስት ካስፈለገው አቀማመጡ ተበላሽቷል።

አሁን ስለ ግምገማው። አምስት ሰው ፈልግ። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም አዋቂ በ2000 እ.ኤ.አ. አምስት ሰው አብዛኛውን ችግር ለማውጣት ይበቃል ብሎ ጽፏል፤ በእኔ የደረሰውም እንዲያው ነው። ሠዓሊ አይሁኑ፤ የቅርብ ጓደኛም አይሁኑ። በየራሳቸው ስልክ፣ በየራሳቸው ዳታ (ዳታውን አንተ ግዛላቸው፣ ነውር ነው)። ሦስት ነገር ብቻ እዘዛቸው፦ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንብብ፤ ክፍል 3ን አውጣ፤ ዘግተህ ውጣና ካቆምክበት ቀጥል። ከዚያ አፍህን ያዝ። «ቁልፉ እኮ ከላይ ነው» ማለት ያምርሃል፤ እኔ ምላሴን ነክሻለሁ። ጣታቸው የሚያመነታበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ።

የእኔን ከሞከሩት ከአምስቱ አራቱ ታሪኩን ከዘጠነኛው ክፍል ጀመሩት፤ የመግቢያ ገጹ አዲሱን ክፍል ከላይ ስለሚያሳይ። ለብቻው ለሚቆም የአንድ ቀን ቀልድ ይህ ትክክል ነው፤ ለተከታታይ ታሪክ ግን ጥፋት ነው። አሁን ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አሉኝ፦ «ከመጀመሪያው ጀምር» እና «አዲሱ ክፍል»። ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ደግሞ ከላይ በማዕዘኑ ያሉትን ሦስት መስመሮች ጌጥ መስለዋቸው ጨርሶ አልነኳቸውም፤ የክፍሎቹ ዝርዝር በሙሉ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነበር። አውጥቼ «ሁሉም ክፍሎች» ብዬ ጻፍኩት። «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍም ከመጨረሻው ሣጥን ሥር፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ለአውራ ጣት የሚበቃ ሆኖ ይቀመጥ፤ ስፋቱም ቁመቱም ከ48 ፒክስል አይነስ። ቀስት ብቻ አታድርግበት። ቢጫ ላይ ግራጫ ፊደል የሚባለውንም ተው፤ ፀሐይ ላይ አይነበብም።

ይህን ሁሉ ስጨርስ የመጀመሪያውን ክፍል ከጀመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዳር ያደርሱታል። ከድሮው ሥዕል ጋር! አዲሱን ልተካው ስል ያቺ የ14 ዓመቷ ልጅ ሁለቱን አይታ «የድሮው አፍንጫ ይሻላል» አለችኝ። የአራት ወሩ ሥራ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ድርጅቱ ግን እስከ ዛሬ «ከሠራናቸው» በሚለው ዝርዝሩ ላይ የእኔን ኮሚክ ያሳያል፤ ያው የሚገለጠውን፣ ያው ሸርተት የሚለውን። ባለፈው ሳምንት በስልኬ ከፍቼው ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ አስወጣኝ።