ለዝነኛው ስትሟገቱ ማን እየሰማ ነው?

ልጆቼ፣ አንድ ዘፋኝ ወይም ኳስ ተጫዋች በመድፈር ተከሰሰ ሲባል ድሬ ላይ ወሬው ከባጃጅ ይፈጥናል። ከቀትር በኋላ በየበርጫው ዳኝነቱ ይጀመራል። «አቦ ልጁን ተዉት፣ እሱ ሴት አጥቶ ነው?» ይላል አንዱ። «ብር ፈልጋ ነው» ይላል ሌላው። «ማታ ሆቴል ምን ልትሠራ ሄደች?» ይከተላል። አመሻሽ ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ሰው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ይህንኑ አሳምሮ ይደግመዋል። «ለሀገር ስንት የሠራ ልጅ ነው፣ በአንድ ስህተት አንጣለው» ይላል። ሺህ ሰው ላይክ ያደርገዋል።

እኔ ዕድሜዬን ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነትና በአዋላጅነት ነው የጨረስኩት። ተደፍረው የመጡ ሴቶችንና ሕፃናትን ተቀብያለሁ። ከእነሱ ጋር ስትሠሩ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት «መቼ ነው የሆነው?» ብላችሁ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁትም ስለዚያ ሰዓት ነው።

የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት ትጀምራለች። ለ28 ቀን ትወስደዋለች። በቶሎ ስትጀምረው ነው በደንብ የሚሠራው። 72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። እርግዝና የሚከላከለው እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ማስረጃውም እንደዚያው ነው። ገላዋን ስትታጠብ፣ ልብሷን ስትዘፈዝፍ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል። ልብሱ ሳይታጠብ በፌስታል ከታሰረ ደግሞ በእርጥበቱ ይሻግታል። በወረቀት ከረጢት ነው መቀመጥ ያለበት።

እንግዲህ ያቺ ልጅ በነዚያ 72 ሰዓታት የት ናት? ቤቷ ተኝታ ስልኳን እያየች ነው። ልናገር ወይስ ልተወው እያለች ታወጣለች፣ ታወርዳለች። የታዋቂውን ሰው ንግግር ትሰማለች፤ ከሥሩ እናንተ የጻፋችሁትን ታነባለች። ዝነኛው የእናንተን ጥብቅና አይፈልገውም፤ የሚከፈለው ጠበቃ አለው። እሷ ግን እያንዳንዷን ቃል ለራሷ ትወስዳለች። የደፈራት ዝነኛው እንኳ ላይሆን ይችላል። አጎቷ፣ አከራይዋ፣ አስተማሪዋ ሊሆን ይችላል። «እሷን እንዲህ ካሏት እኔንማ ምን ይሉኛል?» ብላ ዝም ትላለች። ሰዓቱም ያልቃል።

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። የ15 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው። የልጅቷን ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ በፌስታል ይዛዋለች። ንጹሕ አድርጋ ማምጣቷ ለእኛ ክብር መስጠቷ ነበር። ለምን እንደቆዩ ስጠይቃት «ሰውየው የታወቀ ነው፣ ማን ያምነናል?» አለችኝ። በማግሥቱ አንድ የተከበረ ሰው ሊያነጋግረኝ መጣ። ከተማው ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበለው ሰው ነው። «ሲስተር፣ ልጁ የእኛ ኩራት ነው፤ ቤተሰቡን አግባቢልኝ፣ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ» አለኝ። «እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ለእሷ ይንገሯት» አልኩት። በሌላኛው በር ወጣ። ለእኔ የሚናገረው ብዙ ነበረው፤ ለእናትየዋ ግን የሚናገረው ቃል አጣ።

ድሬ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ዝነኛው የአንዱ የአክስት ልጅ፣ የሌላው አብሮ አደግ ነው። «የእኛ ልጅ» የሚለው ነገር ደስ ይለኛል፤ በችግር ጊዜ ያኖረን እሱ ነው። ግን ያቺም ልጅ የእኛ ልጅ ናት። ሽማግሌ ለድንበርና ለትዳር ጠብ ይላክ። መድፈር ግን ወንጀል ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቶታል። በአንቀጽ 620 መሠረት ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ከሆነች እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይምሰላችሁ። የፊልም ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ በመድፈር ተከሰሰ። 13 ዓመት እኛ ጋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዕድሜዋ ካልደረሰ ልጅ ጋር ወሲብ መፈጸሙን ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፤ ቅጣቱ ሳይነገር በ1978 ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ2009 ስዊዘርላንድ ላይ ሲያዝ ከ100 በላይ የሲኒማ ሰዎች ይፈታ ብለው ፈረሙ። ለፊልም ፌስቲቫል ተጋብዞ መጥቶ እንዴት ይያዛል ነው ቅሬታቸው። ተበዳይዋ አድጋ ጉዳዩ ይዘጋ ብላ ጠይቃለች። ያ የእሷ መብት ነው። ፈራሚዎቹ ግን በማን ስም ነው ይቅር የሚሉት?

እኔን ግን የበለጠ ያመመኝ የእንግሊዙ ጂሚ ሳቪል ነው። የቢቢሲ አቅራቢ ነበር። ለሆስፒታሎች ብዙ ገንዘብ አሰባስቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። በ2011 ሞተ፤ ጉዱ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊስ በ2013 ባወጣው ሪፖርት 450 ያህል ሰዎች በእሱ ላይ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሊድስ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ብቻ ከ5 እስከ 75 ዓመት የሚሆናቸው 60 ሰዎች በደሉን ተናግረዋል። አንዳንዶቹ ያኔውኑ ለሠራተኞች ነግረው ነበር፤ ወደ ኃላፊዎቹ ግን አልደረሰም። ነርስ ነኝና ይህ ያንገበግበኛል። «ለሆስፒታላችን ስንት ያደረገ ሰው!» ሲባል እሰማዋለሁ። ያ በጎ ሥራ ነው የየክፍሉን በር የከፈተለት።

«ታዲያ የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል፤ እኔም አጥብቄ እደግፈዋለሁ። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ያጣራው» በሉ፤ ትክክል ነው። ግን እዚያው ላይ አቁሙ። «ፍርድ ቤት ያጣራው፣ እሷ ግን ምን ልትሠራ ሄደች?» ካላችሁ ፈርዳችኋል፤ ያውም በእሷ ላይ። ዘፈኑን መውደድም ወንጀል የለበትም። ዘፈኑ ስለዚያች ሌሊት ምስክር ሊሆን ግን አይችልም።

ከእናንተ መካከል ነገ ስም የሚወጣለት አለ። ማይክ ይቀርብላችኋል፤ ስለ ወዳጃችሁ ትጠየቃላችሁ። «ወዳጄ ነው፣ የሆነውን አላየሁም፣ ሕግ ይየው» ማለት ይበቃል። «እኔ የማውቀው እሱ እንዲህ አያደርግም» አትበሉ። እናንተን ደፍሯችሁ ስለማያውቅ ማንንም አልደፈረም ማለት አይደለም።

ዛሬ ማታ ጓደኛችሁ «እንዲህ ሆንኩ» ብትላችሁ ደግሞ ለምን ሄድሽ፣ ለምን አልጮህሽም አትበሏት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን በወረቀት ይዛችሁ፣ አብራችኋት ሆስፒታል ሂዱ። 72 ሰዓቱ ካለፈም ሂዱ። ለሌሎች በሽታዎች ሕክምና አለ፣ የሚያነጋግራት ባለሙያ አለ። ካረገዘችም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንሱን በጤና ተቋም እንድታቋርጥ ይፈቅድላታል። ለዚህ ማስረጃ አምጪ አትባልም፤ ተደፍሬ ነው ማለቷ በቂ ነው።