ክረምትና የቤት ውስጥ ተባዮች፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አይጥ፣ ስለ ነቀዝ፣ ስለ ጉንዳንና ስለ ቢምቢ የሚጠይቁ ናቸው። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ የሜዳው ጉድጓድ በውኃ ይሞላል፣ የማሳው ሰብልም ገና ፍሬ አልያዘም፤ ደረቅ ስፍራና የተከማቸ እህል የሚገኘው በሰው ቤት ብቻ ነው። የብዙዎችን ችግር ያነሳሉ ያልናቸውን አራት ደብዳቤዎች መርጠን፣ አሳጥረን አቅርበናል። በሁሉም ውስጥ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አለ። እኛ ግን መድኃኒትን የምናስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ የሚዋልበት፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የሚውሉበት ወቅት በመሆኑ፣ በቤት ውስጥ የሚረጭና የሚበተን መርዝ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ለሰው የሚቀርበው በእነዚህ ወራት ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሹም አቦ አካባቢ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር አይጥ ኮርኒሱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጥ ያድራል። መርዝ ስናስቀምጥ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል። የሞተውም ኮርኒስ ውስጥ ይሸትና መግቢያ ያሳጣናል። ባለፈው ወር ደግሞ ድመታችን ሞተች። ምን ብናደርግ ይሻላል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ድመትዎን የገደላት መርዝ የበላ አይጥ ሊሆን ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች አይጡን በዕለቱ አይገድሉትም፤ ለጥቂት ቀናት እየደከመ ይንቀሳቀሳል፣ በደከመ ጊዜም ድመት በቀላሉ ትይዘዋለች፣ መርዙም ወደ እርሷ ያልፋል። በኮርኒስ ውስጥ የሚሸተውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ አይጡ መርዙን በበላበት ስፍራ ሳይሆን በተደበቀበት ይሞታል።

ተመልሶ የሚመጣው መርዙ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ መግቢያው ስላልተዘጋ ነው። አንዲት የቤት አይጥ ለሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ጥቂቶቹን ገድሎ መግቢያውን ክፍት መተው ለሌሎቹ ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ይሆናል። ትንሿ አይጥ የምትሾልክበት ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃታል፤ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች ማለት ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት በሩንና መስኮቱን ዘግተው፣ መብራት አጥፍተው ወደ ኮርኒሱ ይመልከቱ። በጭቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው በግድግዳው አናት ላይ ባረፈበት በኩል ነው፤ እያንዳንዱ የቆርቆሮ ሸንተረር ከሥሩ ክፍት ስለሚሆን የግድግዳው ርዝመት በሙሉ የቀዳዳ ረድፍ ይሆናል። ከዚያ ወረድ ብለው ግድግዳው ሥር ሥሩን ቢያዩ፣ አይጡ ዘወትር በአንድ መንገድ ሲመላለስ ጸጉሩ የተወው ጥቁር፣ ቅባት የመሰለ መስመር ያገኛሉ፤ መስመሩ የሚያበቃበት ቦታ መግቢያው ነው። ጭቃና ጭድ ብቻውን አይበጅም፣ በአንድ ሌሊት ይሰረስረዋል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው አስገብተው ከላይ በሲሚንቶ ወይም በጭቃ ይምረጉት፤ ሽቦውን ሊቆረጥመው አይወድም። የበሩን ግርጌ በቆርቆሮ ቁራጭ ያልብሱት፤ በግቢዎ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ዛፍ ካለና ቅርንጫፉ ጣሪያውን የሚነካ ከሆነም ያስቆርጡት።

ይህ ከተደረገ በኋላ ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ መያዝ ይቻላል። ወጥመዱን በክፍሉ መካከል ማስቀመጥ ድካም ነው፤ አይጥ የሚሄደው ግድግዳ ታክኮ ስለሆነ የወጥመዱ ምግብ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን መንካት አለበት። ትልቁ አይጥ፣ አይጠ መጎጥ የምንለው፣ አዲስ ነገርን ስለሚሸሽ ወጥመዱን ሳያጠምዱ ምግብ ብቻ አድርገውበት ለጥቂት ቀናት ቢያለማምዱት ይሻላል። ምግቡ ከቤቱ ሌላ ምግብ ጋር የሚወዳደር ከሆነ ግን ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ ማታ ቡሖው፣ ሞሰቡና የውሻው ትራፊ ሁሉ ተከድኖ ማደር አለበት።

የአይጥ ኩስ ያለበትን ስፍራ በደረቁ እንዳይጠርጉ አደራ እንላለን። በአይጥ ሽንትና ኩስ የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ረጭተው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው፣ ጓንት ወይም ፌስታል በእጅዎ አጥልቀው በጨርቅ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ከመራዊ ያስመጣነውን በቆሎ በማዳበሪያ አድርገን ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል አስቀምጠናል። ነቀዝ ስለጀመረው የሸጠልን ሰው በየማዳበሪያው ውስጥ የሚጨመር ክኒን ሰጠን። እስካሁን አልጨመርንም፤ ባለቤቴ ሽታው አስፈርቷታል። ጉዳት ይኖረው ይሆን? (የቤተሰብ ኃላፊ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ክኒኑን እንዳትጨምሩት። ደብዳቤው በደረሰን ዕለት ይህንኑ በስልክ ነግረንዎታል፤ እዚህ ላይ በዝርዝር የምንጽፈው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሌሎች ቤተሰቦች እንደሚኖሩ ስለምናምን ነው።

የነቀዝ ክኒን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ውሑድ ነው። ክኒኑ ራሱ አይደለም ነቀዙን የሚገድለው፤ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ነው። 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ነቀዝንና ሰውን አይለይም። በክረምት አየሩ እርጥብ በመሆኑ ጋዙ ፈጥኖ ይወጣል፤ ማዳበሪያ አየር የሚያሳልፍ ስለሆነም ጋዙ እህሉ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎም ጎረቤት ክፍል ይገባል። ክኒኑ ባልተቀመጠበት ክፍል የተኛ ሰው የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። ሕፃናት ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ይጎዳሉ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ ቢኖረውም፣ ሽታው አልተሰማም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም።

የዚህ መርዝ ማርከሻ እስካሁን የለም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሰውነትን ደግፎ ማቆየት ብቻ ነው። በቤታችሁ ክኒኑ ተጨምሮ ከሆነና ከቤተሰቡ መካከል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበት ካለ፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ደጅ ውጡ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ከዚያም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱና የእህል ክኒን በቤት ውስጥ እንደነበረ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ በሽታውን የምግብ መመረዝ ሊለው ይችላል። ክኒኑ ላይ ውኃ አታፍስሱ፤ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያስለቅቀዋል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጣና ዳር አትጣሉት። ያልተከፈተውን ከሰው በራቀ ደረቅ ስፍራ አስቀምጣችሁ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ታዲያ በቆሎው ምን ይሁን? መጀመሪያ መድረቁን እንወቅ። ደረቅ ጠርሙስ ይፈልጉ፤ ሲሶውን በቆሎ ይሙሉት፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ክዳኑን ገጥመው በደንብ ይነቅንቁት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲያዩት ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነውና ለማከማቸት አይሆንም። ብራ በሆነ ቀን ሸራ ላይ ሳሳ አድርገው አስጥተው ያድርቁት፤ የፀሐዩ ሙቀት ነቀዙንም ያባርረዋል። ከዚያ የተነቀዘውን ለይተው አውጥተው ያንፍሱት።

የደረቀውን እህል አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው። ከረጢቱ ከውስጥ ሁለት ፕላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ አለው። አየሩን እየጨመቁ አስወጥተው ሦስቱንም በየተራ አጥብቀው ሲያስሩት፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ራሱ ኦክስጅኑን ይጨርስና ይሞታል። ነገር ግን ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይከፍቱ መታገሥ ያስፈልጋል፣ ፕላስቲኩን አይጥ ከበሳው ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩት። ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ውስጥ ሰርስሮ ስለሚያስቀምጥ ፍሬያቸው እጅግ ትናንሽ የሆኑትን ጤፍንና ዳጉሳን አይደፍራቸውም። ቦታ ለሚጠብበት ተከራይ ለክረምቱ ጤፍና ዳጉሳ አከማችቶ በቆሎውን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መግዛት የሚሻል ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ጉንዳን በሰልፍ እየመጣ ቤት ይገባብናል። ነጭ ጋዝ ብንረጭበት ይከለክለዋል? (ከዜጌ)

መልስ፦ ነጭ ጋዙን ተዉት፤ ከሰልና ማገዶ በሚነድበት ቤት እሳት ያስነሳል። ሕፃን የተኛ ካለ አንሡ፣ የታሰረውን ከብት ፍቱ፣ ጫጩቶቹን ከቆጥ አውጡ፤ ጉዳት የሚደርሰው መሸሽ በማይችል ላይ ነውና። በደጃፉና በአልጋው እግር ዙሪያ ደረቅ አመድ መነስነስ ይበቃል፤ ዝናብ ሲያረጥበው ግን ስለማይሠራ ይታደስ። ጉንዳኑ በየጥጉ ያገኘውን በረሮና የአይጥ ግልገል በልቶ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የጣሪያ ውኃ በበርሜል እናጠራቅማለን። በውኃው ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ሲንቀሳቀሱ እናያለን። የወባ ትንኝ ይሆኑ? ውኃውን መድፋት ደግሞ ያሳዝነናል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ትሎቹ የትንኝ እጮች ናቸው። ውኃውን ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የተጋደመው የወባ ትንኝ እጭ ነው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው ደግሞ ሌላው ቢምቢ ነው። የትኛውም ቢሆን መወገድ አለበት። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉን አጥልሎ ውስጡን በብሩሽ መፈተግ ዑደቱን ይቆርጠዋል። ውኃው መደፋት የለበትም፤ በነጠላ ወይም በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሉትና ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ተጠቀሙበት። ከዚያ አፉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩት፤ ክዳን ብቻውን ክፍተት ይተዋል። በግቢው ያለውን አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ቆርቆሮና የተሰበረ እንስራም አብራችሁ ድፉ፤ መኪና ቦይ ያወጣበትን ጉድጓድ ደግሞ በአፈር ሙሉት።

አጎበሩን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ዝናቡ ሲያባራ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ወባ በአካባቢያችን የሚበረታው ግን ዝናቡ አልፎ ያቆረው ውኃ ሲረጋ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሌሊት ሌሊት ተዘርግቶ ይደር፣ የተቀደደውም ይሰፋ፤ ሲቆሽሽ በቀላል ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል። በእነዚህ ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው፣ በተለይም ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ከቤት በተረፈ ክኒን አትጀምሩ።