ማሲንቆው ደበዘዘብኝ

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ። ጡረታ ስወጣ ውድ አምፕሊፋየርና ስፒከር ገዛሁ። አሁን ማሲንቆው ደበዘዘብኝ። ልጄ «ምንም አልሆነም» ይላል። ስፒከሩን ልለውጥ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ገንዘብዎን ያስቀምጡ! ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) ገደማ ይሰማል፤ የእኛ ከዚያ በጣም ያንሳል። ግን የፒያኖ የመጨረሻዋ ቀጭን ድምፅ እንኳ 4,186 ኸርዝ ገደማ ናት። ስለዚህ ዜማው አለ፤ የሳሳው የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ነው። ስፒከሮቹን ወደ ጆሮዎ ያዙሯቸው፤ ቀጭን ድምፅ የሚሄደው ፊት ለፊት ነውና። ትሬብሉንም (አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የቀጭን ድምፅ ቁልፍ) ትንሽ ከፍ ያድርጉት። (እኔ ያን ቁልፍ መንካት ነውር ይመስለኝ ነበር፤ 60 ስሞላ ተውኩት።) ቮልዩሙን ግን አይጨምሩ፤ የቀረውን ጆሮ ይጎዳል። ኩክም ሊሆን ይችላልና ይታዩ። አንዱ ጆሮ ብቻ በድንገት ከደከመ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።