ከራስጌው በረዶ፣ ከግርጌው ጥም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አልፕስ ተራሮች ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ያረፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ስዊዘርላንድ በሚገኘው የላይኛው የሮን ወንዝ ሸለቆ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ቫሌ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ቫሊስ ይሉታል። ወንዙ ፉርካ ከተባለው መተላለፊያ ሥር ካለው የሮን ግግር በረዶ ይነሣና 165 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 372 ሜትር ላይ ካለው የጄኔቫ ሐይቅ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ወቅቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን በበረዶ የተከበበ ሸለቆ በመስኖ ይኖራል ሲባል «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሆነብኝ። ለምን ደረቀ? ውሃውንስ ከገደል ላይ እንዴት አወረዱት?

ተረቱ ልክ ገብቷል። ሸለቆው በሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች መካከል የተቀበረ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ደመና ዝናቡን በበርን አልፕስ፣ ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ በፔናይን አልፕስ ላይ አራግፎ ይጨርሳል። ሸለቆው ውስጥ የሚደርሰው ባዶውን ነው። ሲዮን ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ፎን የሚባለው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ከተራራው እየወረደ መሬቱን ይጠብሰዋል።

ይሁን እንጂ ግግር በረዶው አንድ ትልቅ ውለታ ይውላል። ብዙ ውሃ የሚያቀልጠው በጁላይና በኦገስት፣ ማለትም ሣሩና ወይኑ በጣም በሚጠሙበት ወቅት ነው። ችግሩ ውሃው ጥልቅ ገደል ውስጥ መውረዱ፣ ማሳው ደግሞ ተረተሩ ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የሸለቆው ሰዎች ውሃውን ከጅረቱ ራስጌ ጠልፈው፣ የተራራውን ወገብ ተከትለው የሚወስዱ ቦዮች ሠሩ። በፈረንሳይኛ ቢስ፣ በጀርመንኛ ዙኦነ ይባላሉ።

የቦዩ ነፍስ ተዳፋቱ ነው። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው የቦዩን ወለል ይበላዋል። ካነሰ ደግሞ ከበረዶው ሥር የመጣው፣ ውሃውን ወተት የሚያስመስለው ደቃቅ ደለል ይተኛና ቦዩን ይደፍነዋል። ያለ ዘመናዊ መለኪያ ይህን ማስተካከል መቻላቸው ከሁሉ የሚደንቀው ሥራቸው ነው።

አፈር ባለበት መቆፈር በቂ ነው። ቀጥ ያለ ገደል ሲያጋጥም ግን ዓለቱን ይበሱና በየቀዳዳው አግዳሚ እንጨት ይሰካሉ። በአግዳሚዎቹ ላይ የተቦረቦረ ግንድ ወይም በሳንቃ የተሠራ ገንዳ ይጋደማል፤ ስንጥቁ በሣር ሽበትና በጭቃ ይጠቀጠቃል። ክረምት በገባ ቁጥር የሚናደው በረዶና የሚወርደው ድንጋይ ከፊሉን ስለሚሰብረው፣ በየጸደዩ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው ይጠግኑት ነበር። በሳቪየዝ መንደር በ1430ዎቹ አካባቢ የተጀመረው ቶራን ኔፍ የተባለው ቦይ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል በዚህ ዓይነት ከኖረ በኋላ፣ በ1935 ውሃው ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፍ ዋሻ እንዲሄድ ተደረገ።

አንድ ዕቃ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የውሃ አባቱ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝመውን ቦይ ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሰ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ቦዩ ላይ ትንሽ መዘውር ይተክላል። ውሃው መዘውሩን ሲያዞር መዶሻ እየተነሣ ሳንቃ ይመታል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ እስከተሰማ ድረስ መተኛት ይቻላል። ጸጥ ካለ ግን ከላይ በኩል የሆነ ነገር ተሰብሯል ወይም ተደፍኗል ማለት ነው፤ ያኔ ፋኖስ ይዞ መሮጥ ነው። የተጣደፈው ለማሳው ብቻ ብሎ አይደለም። ከተሰበረ ቦይ የሚፈሰው ውሃ ከታች ያለውን ተዳፋት አርሶ፣ አፈሩን ከነወይኑ ሊያንሸራትተው ይችላል።

ውሃው የሚከፋፈለው በሰዓት ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ሰዓት እንደሚደርሰው በእንጨት ቁራጭ ላይ በሚፈለፈል ምልክት ይመዘገባል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የራሱን ምልክትና የሰዓቱን ጭረት ለይቶ ያውቃል። ይህ ባህላዊ የመስኖ ዕውቀት ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ ሳየው ወንዙ ማርቲኚ ከተማ ሲደርስ በክርን እንደተመታ ይታጠፋል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከብሪግ እስከ ማርቲኚ ሸለቆው የሚከተለው የዓለቱን ስፌት ነው። በሰሜንና በደቡብ ያሉት የዓለት ክምሮች የተለያየ አመጣጥ ስላላቸው፣ የተገናኙበት መስመር የተሰነጣጠቀና ለመሸርሸር የሚመች ነው። ማርቲኚ ላይ ወንዙ ይህን ስፌት ትቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞርና ተራሮቹን አቋርጦ ይወጣል። ካርታዎን እንደገና ቢያዩት፣ የስፌቱ መስመር በፎርክላ መተላለፊያ በኩል ወደ ሻሞኒ ሲቀጥል ያገኙታል።

ከታጠፈ በኋላ ሸለቆው ሳን ሞሪስ ላይ ክፉኛ ይጠባል፤ በአንድ ወገን ዳን ዱ ሚዲ፣ በሌላው ዳን ደ ሞርክል የተባሉት ተራሮች ተፋጥጠው ቆመዋል። ያችን ጠባብ በር የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነው። በዚያው በ515 የቡርጉንድ ንጉሥ ሲጊስሙንድ የመሠረተው ገዳም ዛሬም አለ።

የሸለቆው ወለል ጠፍጣፋ መሆኑ ግን እንዳያታልልዎ። ግግር በረዶው ዓለቱን በጥልቀት ቦርቡሮት ስለሄደ፣ ከእግር ሥር በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ተከምሯል። እንዲህ ያለ ለስላሳ መሬት የምድር መንቀጥቀጥን ያጎላል። በ1855 ቪስፕ አካባቢ፣ በ1946 ደግሞ ሲዬር አካባቢ የደረሱት መንቀጥቀጦች በስዊዘርላንድ ከተመዘገቡት ብርቱዎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ የትኛውን ቋንቋ ይናገራሉ?

ከሲዬር ወደ ታች ፈረንሳይኛ፣ ከሎይክ ወደ ላይ ጀርመንኛ። በሁለቱ መካከል ፊን የሚባል የጥድ ደን አለ። ስሙም «ወሰን ላይ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው ይባላል። ተጓዥን የሚያደናግረው አንድ ከተማ ሁለት ስም መያዙ ነው፦ ሲዮን ዚተን፣ ሲዬር ዚደርስ፣ ቪስፕ ቪዬዥ ይባላሉ። ወንዙ ራሱ በላይኛው ሸለቆ ሮተን ነው።

ጥያቄ፦ በ1818 ከማርቲኚ በላይ በሚገኘው የባኝ ሸለቆ የደረሰው ጎርፍ ሰው ሠራሽ ነበር የሚል ነገር አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

አይደለም። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ስላለ ነው እንዲህ የሚወራው። ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ1815 በኢንዶኔዥያ ታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች። ግግር በረዶዎቹም እያደጉ ወረዱ። ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው የዢየትሮ ግግር በረዶ ፍርስራሹን እየጣለ ድራንስ ወንዝ የሚያልፍበትን ጠባብ ስፍራ ዘጋው። በ1818 ጸደይ ከበረዶው ግርዶሽ ኋላ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ተኛ፤ ውሃውም በየቀኑ ከፍ ይል ነበር።

የቫሌ መሐንዲስ ኢግናስ ቬኔትስ ያሰበው ዘዴ እንዲህ ነው። ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ በበረዶው ውስጥ ዋሻ ማስቆፈር፤ ውሃው እስኪደርስበት መጠበቅ። ውሃው በዋሻው መፍሰስ ሲጀምር ወለሉን እያቀለጠ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዋሻው ዝቅ ባለ ቁጥር ሐይቁም አብሮት ይጎድላል። ሠራተኞቹ ከሁለት ወገን እየቆፈሩ፣ ከራሳቸው በላይ በረዶ እየተናደ፣ ለሳምንታት ደከሙ። ጁን 13 ውሃው ማለፍ ጀመረ፤ በሦስት ቀን ውስጥም የሐይቁ አንድ ሦስተኛ ያህል በሰላም ወረደ።

የከሸፈው በግርጌው በኩል ነው። ከዋሻው አፍ የሚወረወረው ውሃ የበረዶውን ክምር እግር ይቦረቡር ነበር፤ ከሥርም ይሰርግ ጀመር። ጁን 16 ከሰዓት በኋላ ግርዶሹ ተደረመሰ፤ የቀረው 18 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃም በግማሽ ሰዓት ገደማ ወጥቶ አለቀ። ጎርፉ ቤት፣ ድልድይና ግንድ እየጠራረገ ማርቲኚ የደረሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 40 ያህል ሰዎች ሞቱ። ዋሻው ባይቆፈር ኖሮ ሐይቁ ሞልቶ ይፈነዳ ነበር፤ ስለዚህ ቬኔትስ ሊወቀስ አይገባውም።

ከዚህ መከራ አንድ ትልቅ ዕውቀት ወጣ። የባኝ ሸለቆ አዳኝና አናጢ የነበረው ዣን ፒየር ፔሮዳን፣ በየዳገቱ የተጣሉት ባዕድ ቋጥኞች በግግር በረዶ ተጭነው የመጡ ናቸው፤ በረዶው በአንድ ወቅት እስከ ማርቲኚ ሞልቶ ነበር ይል ነበር። በመጀመሪያ የሰማው አልነበረም። ቬኔትስ ግን ሐሳቡን ተቀበለና አሰፋው፤ ከእሱ ዣን ደ ሻርፓንቲየ፣ ቀጥሎም ሉዊ አጋሲ ወሰዱት። አጋሲ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ የበረዶ ዘመን የሚለው ሐሳብ በሰፊው ታወቀ። ዛሬ በዚያው ጠባብ ስፍራ አካባቢ 250 ሜትር ከፍታ ያለው የሞቯዛን ግድብ ቆሟል።

ጥያቄ፦ ሮን ወንዝ ሦስት ጊዜ «ታረመ» ይባላል። የመጀመሪያው ለምን አልበቃም?

ስሌቱ ጠጠሩን ስለረሳ ነው። ከ1860ው ጎርፍ በኋላ፣ ከ1863 እስከ 1894 ወንዙ በሁለት ትይዩ ካቦች መካከል እንዲሄድ ተደረገ። ወንዙ ሲጠብ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ጠጠሩን ራሱ ይጠርጋል ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን ከጎን የሚገቡት ጅረቶች የሚያራግፉት ጠጠር ከወንዙ አቅም በላይ ሆነ። ወለሉ ከፍ አለ፤ ካቡም ተከትሎ ከፍ ተደረገ። በየቦታው ወንዙ ከማሳው በላይ ተሰቅሎ መፍሰስ ጀመረ። እንዲህ ያለ ወንዝ ካቡን አንዴ ከጣሰ በራሱ ወደ ቦታው አይመለስም።

ከ1930 እስከ 1960 በተደረገው ሁለተኛ እርማት መኝታው ይበልጥ ጠበበ፤ ጠጠርም በማሽን ይወጣ ጀመር። በኦክቶበር 2000 ግን ካቡ ተጥሶ ሜዳው ተጥለቀለቀ። በጁን 2024 መጨረሻም ወንዙ በሲዬርና በሺፒስ አካባቢ ወጥቶ ፋብሪካ ሳይቀር አጥለቀለቀ። ሦስተኛው እርማት የተነሣበት ሐሳብ የመጀመሪያውን ይገለብጠዋል፦ ወንዙን ማስፋት፣ ወለሉንም ዝቅ ማድረግ። የሚያከራክረውም መሬቱ ነው፤ የሚሰፋው ወንዝ የሚወስደው የሸለቆውን ለም እርሻ ነውና።

በትንሹ የተሳካ ብልሃት ማየት ከፈለጉ ብሪግ ይሂዱ። ዛልቲና የተባለው ጅረት በ1993 የተሸከመውን ድንጋይ ድልድዩ ሥር ከምሮ ከተማዋን አጠለቀለቀ። ጎርፉን ያባባሰው ድልድዩ ራሱ ነበር። በምትኩ የተሠራው ድልድይ ጅረቱ ሲሞላ ብድግ ይላል፤ የሚያነሣውም ያው ውሃ ነው። ከፍ ያለው ውሃ በቱቦ ገብቶ የሚዛን ገንዳ ይሞላል፤ ገንዳው ሲወርድ ድልድዩ ይነሣል። በ2000ው ጎርፍ ተፈትኖ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ ናፖሊዮን እዚህ ምን አደረገ?

በሜይ 1800 ጦሩን በ2,469 ሜትር ከፍታ ባለው በታላቁ ሳን በርናር መተላለፊያ አሻገረ፤ የመድፎቹ አፈሙዝ በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ተጋድሞ ይጎተት ነበር። መድፍ በመንኮራኩር የሚያልፍበት መንገድ የግድ መሆኑን ስላየ የሲምፕሎን መንገድ ከ1801 እስከ 1805 ተሠራ። ቫሌን በ1802 ለይቶ ሪፐብሊክ አደረጋት፤ በ1810 ለመንገዱ ሲል ወደ ፈረንሳይ ጠቀለላት። ስዊዘርላንድን የተቀላቀለችው በ1815 ነው። በ1906 በዚያው ተራራ ሥር 19.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር ዋሻ ተከፈተ።

ጥያቄ፦ በቢሶቹ ዳር በእግር መሄድ እፈልጋለሁ። መቼ ልሂድ? ምን ልጠንቀቅ?

ውሃ የሚለቀቀው ባብዛኛው ከጸደይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ስለሆነ፣ ቦዩን ከነውሃው ለማየት ጁንና ጁላይ ይሻላሉ። መንገዱ ቦዩን ስለሚከተል ሜዳ ነው ለማለት ይቻላል፤ ድካሙ እዚያ ድረስ መውጣቱ ነው። ገደል ላይ የተንጠለጠሉት ክፍሎች ግን ስፋታቸው አንድ ሳንቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ሌላ ቦይ ይምረጥ። ቢጫ ምልክት ቀላል የእግር መንገድ፣ ነጭ-ቀይ-ነጭ ቀለም የተራራ መንገድ ነው። ድንጋይ የሚናድበት ክፍል ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሣትዎ በፊት መንደሩን ይጠይቁ፤ ከዝናብ ማግስት ደግሞ እርጥብ ሳንቃ እንደ ሳሙና ነው።

በየመንገዱ የሚያገኟቸውን የውሃ መዝጊያ ሳንቃዎች ለማየት ብለው አያንሡ። ከታች ተራው የደረሰው ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ውሃውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።