አቧራ ያስገባ ቀዳዳ ድምፅም ያስገባል፤ ስለ ፒክአፕ ጋቢና ጩኸት

ወንድማችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው። ያገለገለ ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ገዝተው በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ፣ ከጎናቸው ከተቀመጠ ሰው ጋር ካልጮኹ በቀር መግባባት አልቻሉም፤ ፒስታ ሲገቡ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የማይለይ መንቋቋት ይጨመርበታል፤ አንድ የመኪና ጌጥ ሠራተኛም ወለሉን፣ በሮቹንና ጣሪያውን በሙሉ በድምፅ መከላከያ ምንጣፍ እንዲያስለብሱት መክሯቸዋል። ገንዘቡን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄው። የእኔ መልስ «ገና ነው» የሚል ይሆናል። ምንጣፉ የራሱ ሥራ ስላለው ተራው ሲደርስ እመለስበታለሁ፤ ነገር ግን ቀዳዳ ያለበትን ጋቢና ምንጣፍ ማልበስ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፍኑ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ኪሳራ ተነሥቼ ነው። ለውኃ ጉድጓድ ሥራ ተመሳሳይ ፒክአፕ ይዤ ከአሰላ እስከ ዶዶላ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ፣ አልፎ አልፎም ወደ አዋሽ ቆላ ለ9 ዓመታት ያህል ተመላልሻለሁ። በሁለተኛው ዓመት ጩኸቱ ሲያስመርረኝ፣ ዋጋው የረከሰ መስሎኝ ለኮንክሪት ጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚነጠፈውን ካትራሜ ያለበት ጥቅል ገዝቼ ወለሉን ሁሉ አስለጠፍሁ። አዲስ አበባ ላይ ምንም አላለም። አዋሽ ወርጄ መኪናው በቀትር ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ በሩን ስከፍት ግን ሽታው ሊነጠፍ የፈሰሰ ትኩስ አስፋልት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ካትራሜው ለስልሶ ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር ስለወጣ የጫማዬን ሶል እየያዘ ፔዳል መርገጥ አስቸገረኝ። ጩኸቱ ደግሞ እንዳለ ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ ገሚሱ የፊት ግራ እግር ኩሽኔታ (ጎማውን ያለ ፍትጊያ የሚያሽከረክረው ቀለበት)፣ የቀረው አብዛኛው ደግሞ ሌላ ሰው በከፈተው ቀዳዳ የሚገባ የሞተር ድምፅ ነበር። የወለሉን ካትራሜ በነጭ ጋዝና በስፓቱላ እየፋቅሁ ያነሣሁበትን ቅዳሜና እሑድ እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ድምፁ ምንን እንደሚከተል ይለዩ። የሞተሩን ዙር የሚከተል ድምፅ አለ፣ የመኪናውን ፍጥነት የሚከተል አለ፣ የመንገዱን ገጽ የሚከተል አለ፣ ነፋሱን የሚከተልም አለ፤ አራቱ አብረው ሲመጡ ነው አንድ ጩኸት የሚመስሉት። ቀጥ ባለ፣ ሜዳ በሆነና ሌላ መኪና በሌለበት መንገድ፣ ድምፁ በሚብስበት ፍጥነት እየነዱ ሳሉ ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ዜሮ ላይ ያድርጉት። ሞተሩን ግን በፍጹም አያጥፉት፣ ሙከራውንም በቁልቁለት ላይ አያድርጉት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አብሮ ይሄዳል። ዙሩ ሲወርድ ድምፁ አብሮ ከወረደ ጉዳዩ ያለው ሞተሩ አካባቢ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ከጎማ፣ ከኩሽኔታ፣ ከዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ ከሚያከፋፍለው ጥርስ) ወይም ከነፋስ መፈለግ ይኖርብዎታል። ከሻካራው አስፋልት ወደ ለስላሳው ሲሻገሩ ድምፁ ባንድ ጊዜ ጠባዩን ከለወጠ ተጠያቂው ጎማው ነው። ነፋስ ከፊት በሚመታበት ጉዞ ብሶ፣ በመልሱ በዚያው ፍጥነት ከቀለለ ደግሞ ከውጭ የሚፋጭ ነፋስ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚነዳው ሰው መንገዱን ይይ፤ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ይሁን።

የኩሽኔታ ጉምጉምታ ከጎማ ጩኸት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ አራት ጎማ ቀይሮ ድምፁ እንዳለ ያገኘው ሰው ብዙ ነው። በ60 ወይም በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰፊ መታጠፊያ ላይ ሲሄዱ የመኪናው ክብደት ወደ ውጭኛው ጎን ያጋድላል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ጉምጉምታው በርትቶ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚቀንስ ከሆነ የግራውን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ከዚያ ጎማውን በክሪክ አንሥተው፣ መኪናውን በሚታመን ነገር አስደግፈው፣ አንድ እጅዎን ሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩት። ጆሮ የማይለየውን መዳፍ ይለየዋል፤ የእኔው ሲሽከረከር ሞላው ላይ የተሰማኝ ነገር በወንፊት ላይ የሚንከባለል ደቃቅ አሸዋ ይመስል ነበር። ይህ ከተገኘ ጉዳዩ የምቾት መሆኑ ቀርቶ የደኅንነት ስለሚሆን ለነገ አይባልም። ጎማውን በተመለከተ ደግሞ መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራቱ፤ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ አበላሉ ተዛብቷል ማለት ነው፣ ያ ጎማ እስኪቀየር ድረስ መጮኹ አይቀርም። የጭቃ ጎማ ደግሞ አዲስም ሆኖ አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ከመንገዱ አብዛኛው አስፋልት ለሆነ ሰው እኔ አልመክረውም። አንዳንድ ጎሚስታ ፒክአፕ ሲያይ «የጭነት ነው» ብሎ ባዶውን መኪና 45 ፒኤስአይ ይነፋዋል፤ ትክክለኛው መጠን ለባዶና ለጭነት ተለይቶ የተጻፈው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፒስታ ላይ ለሚነዳ ሰው ድምፅ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚያሳየው መሣሪያ በነጻ ይገኛል፤ እሱም አቧራ ነው። በአየር የሚመጣ ድምፅ ይበልጡን የሚገባው አየር በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፣ አየር ያለፈበት ደግሞ አቧራውን ጥሎ ያልፋል። ጋቢናውን በደንብ አጽድተው፣ የበሮቹን ጠርዝና የበር ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ መስኮት ዘግተውና የአየር ማስገቢያውን ወደ ውስጥ ዝውውር መልሰው ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ፒስታ ይንዱ። ማራገቢያው ከውጭ አየር እየሳበ ከሆነ ጋቢናውን ከውስጥ ስለሚነፋው አቧራው በቀዳዳዎቹ አይገባም፣ ሙከራውም ያታልልዎታል። ሲመለሱ ምንም ሳይነኩ ምንጣፉን አንሥተው ባትሪ ወደ ጎን አጋድመው ያብሩ።

እኔ ይህን ባደረግሁበት ማታ፣ ከፍሪሲዮን ፔዳሉ በላይ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ጥቁር ልባስ ላይ፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ቀይ አቧራ አገኘሁ። ነጥቡ የሽቦ ማለፊያ ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት አላርም ሲያስገጥም ሠራተኛው የፋብሪካውን የጎማ ቀለበት በቢላ ቀድዶ ሁለት ቀጭን ሽቦ አሳልፎ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ሄዷል። ወንድሜ ሞተሩን አስነሥቶ እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ስደፍን የናፍጣው መንቋቋት ጎረቤት ቤት እንደሚጮህ ሬድዮ ራቀ፤ ጣቴን ሳነሣ ተመልሶ ጆሮዬ ሥር መጣ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ አንድ የጎማ ቀለበትና ጥቂት ሲሊኮን ያደረገውን ያን ሁሉ ካትራሜ አላደረገውም። ቀለበቱ ለሌላም ይጠቅማል፤ ሽቦ በባዶ ላሜራ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ከቆየ ልባሱ ተልጦ ሾርት ያደርጋል።

ሌላው አቧራ የሚከማችበት ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ብዙዎቹ ፒክአፖች በጋቢናው ጀርባ ላሜራ ላይ፣ በወንበሩ ተሸፍኖ፣ የጎማ ክዳን ያላቸው የአየር መውጫዎች አሏቸው፤ ክዳኑ ወደ ውጭ ብቻ እንዲከፈት የተሠራ ነው። ጭቃ ደርቆበት ወይም ተጣሞ ከፈት ብሎ ከቀረ የኋላ ጎማና የዲፈረንሻል ድምፅ ቀጥታ ወደ ጋቢናው ይገባል። አጥበው ክዳኑን ያስተካክሉ፣ ወይም ይቀይሩት፤ ነገር ግን አይድፈኑት። የተደፈነባቸው ሰዎች በሩ አልዘጋ እያለ፣ ማራገቢያውም እየደከመ መልሰው ሲያስከፍቱት አይቻለሁ።

ለነፋስ ድምፅ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይበቃል። የበሮቹን ዙሪያ፣ የስፖኪዮዎቹን ሥርና የፊት መስታወቱን ጠርዝ ከውጭ በሙሉ ይለጥፉ፤ ሾፌሩ የገባበትን በር ሌላ ሰው ከውጭ ይለጥፍለት፣ በስተመጨረሻም ያንሣለት። በፈጣኑ መንገድ አንድ ጊዜ ይንዱ። ፉጨቱ ከጠፋ፣ እየቆሙ አንዱን ቦታ ብቻ እያነሡ መልሰው ይንዱ፤ ፉጨቱ የተመለሰበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ከበር ከሆነ አንድ ወረቀት በሩ ላይ አስገብተው ዘግተው ይሳቡት፤ በየቦታው እኩል መያዝ አለበት፣ ያለምንም ትግል የወጣበት ቦታ ላይ ጎማው አይገጥምም። አዲስ የበር ጎማ ከመግዛትዎ በፊት በሩን የሚይዘውን መንጠቆ ወደ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ብሎኖቹን ከማላላትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩ። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ካለ መጀመሪያ እሱን ይፍቱት። መፍታት ካልፈለጉ በተጋደመው ብረት ላይ ቀጭን ገመድ በጥምዝ ይጠቅልሉበት፤ ነፋሱ ከብረቱ ላይ በእኩል ምት እየተላቀቀ እንዳያፏጭ ይበትነዋል። ረጃጅም የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ዙሪያቸውን ጥምዝ ብረት የሚገጠምላቸውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ እዚያ የሚፈራው ፉጨቱ ሳይሆን መወዛወዙ ቢሆንም።

መንቋቋቱን ለመፈለግ ፒስታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሠፈር ውስጥ ያለ የኮብልስቶን መንገድ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከማንኛውም ጋራዥ የበለጠ መርማሪ ነው፤ ሞተሩ ስለማይጮህ ሁሉም ይሰማል። አንድ ሰው ኋላ ተቀምጦ እጁን በየፕላስቲኩ ላይ እየጫነ ይሂድ፤ ሲጫነው ዝም ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ ግን ጋቢናውን ባዶ ያድርጉት፦ ከወንበር ሥር ያለውን ክሪክና የጎማ መፍቻ፣ ሳንቲሙን፣ እስክሪብቶውን ሁሉ ያውጡ። እኔ ዳሽቦርድ ሊያስፈታኝ የደረሰ መንቋቋት ከዳሽቦርዱ የሚመጣ መስሎ ቆይቶ በመጨረሻ የተገኘው ሰው በማይቀመጥበት ወንበር ቀበቶ ላይ ነው፤ የቀበቶው ብረት የበሩን ምሰሶ ፕላስቲክ ይደበድብ ነበር። ከውጭ ደግሞ የስኮርታ ጎማው ሰንሰለት አለመላላቱን፣ የኋላ ስፖንዳው ሲዘጋ የሚያርፍባቸው ጎማዎች አለመበላታቸውን፣ የባሌስትራው (የኋላው ንብርብር ሞላ) ጎሚኒዎች አለማለቃቸውን ይዩ። በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ እንደ ንብ የሚንዘር ድምፅ ከሰሙ የማርሚታው ሙቀት መከላከያ ላሜራ ላልቷል፤ ሲቀዘቅዝ በብረት ፋሸታ ያስሩት።

ከሞተር በኩል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዙር በሰጡ ቁጥር አውሮፕላን ሊነሣ ያለ የሚመስል ግሳት ካለ ፋኑን ይፈትሹ። ጠዋት ሞተር እንደተነሣ ለጥቂት ጊዜ እንዲያ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ የፋኑ ማያያዣ ተጣብቋል፣ ነዳጅም ይበላል። የሞተር ሱፖርት ያለቀ ከሆነ ደግሞ ቆሞ ሳለ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ አልቆ የቀረው ድምፅ ካላረካዎት ያኔ ምንጣፉ ተራው ደርሷል። ሻጩ አንድ ነገር አድርጎ ቢያቀርበውም ሥራው ሦስት ነው። በአልሙኒየም የተለበጠው ቡታይል (የሚጣበቅ ጎማ መሰል ንጣፍ) ላሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ይይዛል፤ ከላሜራው ሰፊና ልል ክፍል ሩብ ያህሉን ብትሸፍኑ አብዛኛው ጥቅም ይገኛል፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋችሁ እንደ ቆርቆሮ የጮኸው ላይ ብቻ ለጥፉ። በአየር የሚመጣውን የሚያግደው ግን ክብደት ያለው፣ ያለ ክፍተት የተነጠፈ የጎማ ምንጣፍ ነው፤ በመካከላቸው ውኃ የማይመጥ ስስ ፎም ይገባል። የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ላሜራውን ስለሚያዝግ አይሞከርም። በር ውስጥ ሲሠራ ከታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አይደፈኑ፤ ከወንበር ሥር ወይም ከምሰሶ ፕላስቲክ ውስጥ ቢጫ ሶኬት ካጋጠመ የኤርባግ ስለሆነ ባትሪው ሳይነቀል አይነካ። ለእርስዎ መኪና የኋላውን ላሜራ፣ የፊት እግር ማሳረፊያውንና የሁለቱን የፊት በሮች ብቻ ያሠሩ፤ ጣሪያውን ለዝናብ ድምፅ ካልሆነ በቀር ይተዉት።

ለውጡን ለመለካት የስልክ ድምፅ መለኪያ ይጠቀሙ፤ ቁጥሩ ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ነገር ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ፍጥነት ሲለካ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። በ10 ዴሲቤል የቀነሰ ድምፅ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል፤ ከፒክአፕ ያን ያህል አይጠብቁ፣ እኔ ሁሉንም አድርጌ ያገኘሁት 5 ነው፣ ሚስቴ ግን ከኋላ ወንበር ሆና የምትለውን ለመስማት መስታወት ማየት ቀርቶልኛል። ለጊዜው የአቧራውንና የወረቀት ፕላስተሩን ሙከራ ያድርጉና አቧራው የተበተነበትን ቦታ ፎቶ አንሥተው እዚሁ ይለጥፉልን፤ ከፎቶው ብዙ መናገር ይቻላል።