መልስ፦ ለገና ለልጆቼ ምን ልግዛ?

እህቴ፣ ለስድስት ዓመት ወንድ ልጅሽና ለዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅሽ ለገና ምን እንደምትገዢ ጠይቀሻል፤ ባለፈው ዓመት የገዛሽው ባለባትሪ መኪናም በማግስቱ መጣሉን ነግረሽናል። እንዲህ ያለው መጫወቻ ቁልፍ ከመጫን በቀር ለልጁ የሚሠራው ነገር አይተውለትም፤ ቶሎ ቢሰለቸው አይፈረድበትም።

እኔ ብሆን ገበጣ እገዛላቸዋለሁ። ባትሪ አይፈልግም፤ ጠጠሩ ቢጠፋ ሽምብራ ይተካዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱን ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል። ትንሹ ጠጠሩን በየጉድጓዱ እየጣለ መቁጠር ይለማመዳል፤ ትልቋ የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ አስቀድማ ማስላት ትጀምራለች። በመጀመሪያው ሰሞን ግን አብረሻቸው ተጫወቺ፤ ሕጉን የሚያሳያቸው ካላገኙ እሱም መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ኳስ ከገዛሽ መንፊያውንና መርፌውን አብረሽ ግዢ፤ አየሩ ወጥቶ አልጋ ሥር የተረሳ ኳስ በስንቱ ቤት አለ! ለልጅቷ የውሃ ቀለም ካሰብሽ ደግሞ ወፈር ያለ ወረቀት ጨምሪበት። በደብተር ወረቀት ላይ ከሞከረችው እየራሰ ይቀደድባትና ተስፋ ትቆርጣለች።

ልብሱ ለበዓል መገዛቱ አይቀርም፤ እንደ ስጦታ ግን አትቁጠሪው።

አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ትንሿ ክብ ባትሪ የምትገባበትን መጫወቻ አትግዢ። ሕፃን ከዋጣት በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ታቃጥላለች፤ ተውጣለች ብለሽ ከጠረጠርሽም ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።