መልስ፦ ተጫዋች ቅርጸ ፊደል ለካርድና ለተለጣፊ
ለልደት ካርድና በማሽን ለሚቆረጥ ተለጣፊ አንድ ተጫዋች ቅርጸ ፊደል (ጨዋታ ያለበት መልክ ያለው ፎንት) ይበቃል ወይ ብለው ለጠየቁት፦ ይበቃል፤ ግን ለስሙና ለርእሱ ብቻ። ቀኑንና ሰዓቱን በዚያው ከጻፉት አንባቢው ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ እሱን ለቀላል ፊደል ይተዉት።

ዋናው ጣጣ ተለጣፊው ላይ ነው። የተነካኩ ፊደላትን ወደ አንድ ቅርጽ ሳያዋህዱ ወደ ማሽኑ ከላኩ ምላጩ በመጋጠሚያቸው መካከል ያልፍና ቃሉን ይበጣጥሰዋል። ቀጫጭን ጭራዎችም ከመደቡ (ከጀርባው ወረቀት) ሲላቀቁ ይቀደዳሉ፤ ስለዚህ ወፈር ያለውን ይምረጡ። የሚቆርጡት ቀለም የሚነፋበት ስቴንስል ከሆነ ደግሞ የ«ዐ» እና የ«መ» ሆድ ተቆርጦ ይወድቃል (መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል)፤ በቀጭን ድልድይ ከዳሩ ጋር ያያይዙት።

ሥራውን የሚሸጡት ከሆነ የፊደሉን ፈቃድ አስቀድመው ያንብቡ፤ በነጻ ከሚወርዱት ብዙዎቹ ለግል አገልግሎት ብቻ የተፈቀዱ ናቸው።